አልጋ የለም

ቤታችን ውስጥ ሠላሳ ስምንት ታካሚ ተኝቷል ብል ሰው ስለሚደነግጥ፣ መጀመሪያ ነገሩን ላስረዳ። ታካሚዎቹ ኦርኪድ የሚባሉ አበቦች ናቸው። ሆስፒታሉ ደግሞ የእኔና የአክስቴ ቤት ነው፤ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለ፣ አንድ መኝታ ክፍል፣ አንድ ሳሎን፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማይቆምበት ወጥ ቤትና አንድ መታጠቢያ ቤት። አክስቴ ሆስፒታል ውስጥ የአንድ ተኝቶ ሕክምና ክፍል ኃላፊ ነርስ ናት። አገር ምድሩ «ሲስተር» ይላታል፤ እኔ ብቻ ነኝ «እቴቴ» የምላት። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ አልጋ ሲያጥራት የኖረች ሴት ናትና ቤቷንም የምታስተዳድረው በዚያው መንገድ ነው።

የጀመረው በአንዲት ኦርኪድ ነው። ከስድስት ዓመት በፊት አንዲት ታካሚ ድና ስትወጣ ጠያቂ ያመጣላትን አበባ አልጋዋ አጠገብ ትታ ሄደች። አበባው ረግፎ የቀረው ሁለት ቅጠልና አንድ ደረቅ ዘንግ ነበር። የጽዳት ሠራተኛዋ ልትጥለው ስታነሳው እቴቴ «መሞቱን ያረጋገጠው ማን ነው?» አለቻት። ሴትዮዋ ሳቀች። እቴቴ ግን ቀልድ አልነበረም የያዘችው፣ በፌስታል ጠቅልላ ቤት አመጣችው። በሰባተኛው ወር ያ ሞቷል የተባለ ነገር ስምንት ነጭ አበባ አወጣ።

ከዚያ ወዲያ ነገሩ ከእጅ ወጣ። ኦርኪድ አበባው ሲረግፍ የሞተ ይመስላል እንጂ ዕረፍት ላይ ነው፤ ይህን የማያውቅ ሰው ደግሞ ከተማውን ሞልቶታል። የማያውቀው ይጥላል፣ እቴቴ ታነሳለች። የሆቴሉ እንግዳ ተቀባይ ይደውልላታል፤ የባንኩ ጥበቃ ከቆሻሻ ገንዳው ለይቶ ያስቀምጥላታል። አንድ ቀን እንዲያውም ሠርግ አዳራሽ ተጠርታ ሄዳ፣ ሙሽሮቹን ቀና ብላ ሳታይ ስድስት ማስቀመጫ ኦርኪድ ተሸክማ ተመለሰች።

እኔ ልጇ አይደለሁም፣ የወንድሟ ልጅ ነኝ። ከአራት ዓመት በፊት ሆስፒታሉ በር ፊት ለፊት ካለው ፎቶ ኮፒ ቤት ሥራ ሳገኝ «ለጊዜው እኔ ጋ ሁኚ» ብላኝ ገባሁ። ያኔ አሥራ አንድ ነበሩ። ለጊዜው የተባለው ጊዜ ሳያልቅ ሠላሳ ስምንት ደረሱ፤ እዚያ ላይ እቴቴ ሕግ አወጣች። አንድ ሲገባ አንድ ይወጣል። እያንዳንዱ የአልጋ ቁጥር አለው፣ ካርድም አለው፤ ካርዱን ላሚኔት የማደርገው እኔ ነኝ። ሲጠጣ፣ ሲያብብ፣ ማስቀመጫው ሲቀየርለት ይጻፋል። አልጋ ያላገኘ ደግሞ በሰማያዊው ደብተር ተራ ይያዝለታል። አዲስ የመጣ ታካሚ ሃያ አንድ ቀን ለይቶ ማቆያ ሳይገባ ሳሎን አይረግጥም። ለይቶ ማቆያ የሚባለው መታጠቢያ ቤታችን ነው። እኔ ታዲያ በሕይወቴ ከማላውቃቸው ፍጥረታት ጋር ገላዬን ስታጠብ ኖሬአለሁ።

የቦታ ነገር ከተነሳ ምን ልበላችሁ። የልብስ መተኮሻው ጠረጴዛ ከተዘረጋ ሁለት ዓመቱ ነው፣ ልብስ ግን አልተተኮሰበትም፤ ከአሥራ አምስት እስከ ሃያ ያሉት ተኝተውበታል። ፍሪጁ ላይ አራት አሉ። የመጋረጃው ዘንግ ላይ ሰባት ተንጠልጥለዋል። የቁም ሣጥኑን አንደኛውን በር መክፈት ክልክል ነው፣ ከተከፈተ ሦስት ታካሚ ይወድቃል፤ የክረምት ካፖርቴ እዚያ ውስጥ ታስሮ ሁለት ክረምት አለፈ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለኛ ቤት የተተረተ ነው፤ እኔ ድስት ላወርድ እጄን ዘርግቼ ሃያ ስድስትንና ሃያ ሰባትን በአንድ ጊዜ ያወረድኩ ቀን እቴቴ ለሁለት ቀን በምልክት ብቻ ነበር የምታናግረኝ።

ኦርኪድ ያልደረሰበት አንድ ቦታ ብቻ ነበር፤ የእኔ አልጋ። የተዘረጋው ሳሎን፣ በምሥራቅ በኩል ባለው መስኮት ሥር ነው። ያ መስኮት የጠዋት ፀሐይ በስሱ የሚገባበት፣ ኦርኪድ የሚመኘው ዓይነት ነው። ግራ ቀኙ፣ ራስጌ ግርጌው ተሞልቶ አልጋዬ ላይ ግን አንድ ቅጠል ዝር ብሎ አያውቅም። በእንቅልፌ ስለምራገጥ ይመስለኝ ነበር።

መነጽር ሠሪው ወደ ሕይወታችን የገባው እቴቴ መነጽሯ ላይ ስለተቀመጠች ነው። በርጩማው ላይ አስቀምጣው ነበር፣ ሌላ ቦታ የት አለና። ልታሠራ ሄደችና ሁለት ሰዓት ቆይታ መጣች፤ መነጽሩን ረስታው። «ታውቂያለሽ፣ ሱቁ ውስጥ ኦርኪድ አለ» አለችኝ ገና ከበሩ። ሰውዬው የመነጽር ፍሬሞቹን በኦርኪዶቹ ዘንግ ላይ ነው የሚሰቅላቸው አሉ። ከሱቁ ኋላ ባለች አንዲት ክፍል ብቻውን ይኖራል፤ ብቻውን ማለት ከአርባ ሦስት ኦርኪድ ጋር። ሚስቱ ካረፈች ብዙ ዓመት ሆኗታል። ቀጭን፣ ረጋ ያለ፣ ሲናገር ቃሉን እንደ ሌንስ ወልውሎ የሚያወጣ ሰው ነው።

እሑድ እሑድ መምጣት ጀመረ። ያለን አንድ ወንበር በሁለት ታካሚ ስለተያዘ ቆሞ ነው ሻይ የሚጠጣው። እኔ አልጋዬ ላይ፣ እቴቴ ያለችን አንዲት ባዶ በርጩማ ላይ፣ እሱ በመተኮሻውና በፍሪጁ መሀል፤ አንድ ዓመት ሙሉ እንዲህ ሆነን ስለ ሥርና ኦርኪድ ስለሚተከልበት የዛፍ ቅርፊት አወራን። እሱ «ሲስተር፣ እርስዎ ውሃውን በስንት ቀኑ ነው የሚያደርጉት?» ይላል። እሷ «እርስዎስ?» ትላለች። ሁለት ትልልቅ ሰዎች አንቱ ተባብለው ስለ ውሃ ሲያወሩ ሰምታችሁ አታውቁም፤ እኔ ትራሴ ውስጥ ገብቼ ስስቅ ነበር የማሳልፈው።

አንድ እሑድ ጠዋት ስነሳ እቴቴ ከወንበሩ ላይ ሃያ ሁለትንና ሃያ ሦስትን አንስታ፣ አንዱን የጫማ መደርደሪያ ላይ፣ ሌላውን ቴሌቪዥኑ ጎን እያስገባች ነው። ወንበሩን በእርጥብ ጨርቅ ወለወለች። «ምን ተገኘ?» አልኳት። «ሰውዬው እግሩን ያመዋል» አለች። ሰውዬው ሦስት ፎቅ ያለ እረፍት የሚወጣ ነው። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው እንጂ፣ ወንበር የተለቀቀለት ሰው በዚህ ቤት ታሪክ እሱ ብቻ እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን።

ከዚያ ደግሞ ሆቴሉ አዲስ ታካሚ ላከና ለይቶ ማቆያ ገባ። ሕጉ ሕግ ነው፣ አንድ መውጣት አለበት። እቴቴ ማንን ብታወጣ ጥሩ ነው? አልጋ ቁጥር አንድን። ያችን ከጽዳት ሠራተኛዋ እጅ የነጠቀቻትን፣ የመጀመሪያዋን። ካርዷን ራሷ ጽፋ ቅጠሏን አንድ በአንድ ወልውላ ለመነጽር ሠሪው ሰጠችው። ሰውዬው እንደ ጨቅላ በሁለት እጁ አቅፎ ነው ደረጃውን የወረደው።

አሁን የኔን ጉድ ልናገር። ቁጥር አንድ ከመሄዷ ሳምንት በፊት የሥራ ባልደረባዬ ሠርግ ስለነበረ ፀጉሬን መታጠብ ነበረብኝ። ለይቶ ማቆያው ውስጥ ያለው ያ የሆቴል ታካሚ ቅጠሉ ረጅም ነው፣ ውሃው መውረጃ ድረስ ይዘረጋል። ለአንድ ሰዓት ብዬ አወጣሁትና ሳሎን፣ ቁጥር አንድ አጠገብ አስቀመጥኩት። ሠርግ ሄድኩ፣ ጨፈርኩ፣ ረሳሁት። እቴቴ ሁለት ቀን ተረኛ ስለነበረች አላየችም። በሦስተኛው ቀን ሳየው ቶሎ ብዬ ወደ ቦታው መለስኩት። ከሳምንት በኋላ፣ ቁጥር አንድ ከወጣች በማግሥቱ መሆኑ ነው፣ እቴቴ ያንን የሆቴል ታካሚ ስትመረምር ከቅጠሉ ሥር ነጭ፣ ብናኝ ጥጥ የመሰለ ነገር አገኘች። የኦርኪድ ጠንቅ የሆነው ተባይ ነው፣ ጭማቂውን እየመጠጠ የሚገድል። በአልኮል ጠራርጋ ካጠፋችው በኋላ ወደ እኔ ዞራ «አየሽ? ለይቶ ማቆያ የሚባለው ለዚህ ነው» አለች፣ ደረቷን ነፍታ። እኔም «እውነትሽን ነው» አልኩ። አፈር በበላሁ።

ስድስት ሳምንት አለፈ። እንግዲህ በዚህ መሀል ነው ጥያቄው የመጣው።

እሑድ ነበር። እኔ ወጥ ቤት ኩባያ አጥባለሁ፤ ወጥ ቤታችን በር የለውም፣ መጋረጃ ነው ያለው፣ መጋረጃ ደግሞ ወሬ አይከለክልም። መነጽር ሠሪው ጉሮሮውን ጠረገ። ወንድሙ ሌላ ከተማ ትልቅ ሱቅ ከፍቷል፤ ና አብረን እንሥራ እያለው ነው፤ እስከ ወር መጨረሻ መልስ መስጠት አለበት። «መሄዱን አልፈልግም» አለ። «እዚህ የምቆይበት ምክንያት ካለ እቆያለሁ። ሲስተር፣ በቀሪው ዕድሜዬ ከእርስዎ ጋር መሆን ነው የምፈልገው። ለእኔ የሚሆን ቦታ አለዎት?»

ኩባያውን ያዝኩት እንጂ እጄ ላይ መኖሩን ረስቼዋለሁ። እቴቴ በዚያ በሥራ ቦታ ስልክ በምታነሳበት ድምፅ፣ ሃያ ስድስት ዓመት በቀን አሥር ጊዜ በምትለው ድምፅ፣ «አልጋ የለም» አለች።

ወይ አበሳዬ። መጋረጃውን ቀድጄ ልወጣ ምንም አልቀረኝ። ሰውዬው ግን አልተቆጣም። «እንግዲያው ተራ ይያዙልኝ» አለ። ሻዩን ጨረሰ፣ አመሰገነ፣ ሄደ። እቴቴ ሰማያዊውን ደብተር አውጥታ ጻፈች። ምን እንደጻፈች አላየሁም፤ ብዙ ጊዜ ወሰደባት።

በሚቀጥለው እሑድ አልመጣም። ጉንፋን ይዞኛል ብሎ መልእክት ላከ። በሚቀጥለውም ጉንፋኑ አልተሻለውም። እቴቴ ወንበሩን ሁለቱንም እሑድ ወለወለችው። ሜትር ይዛ ግድግዳ ትለካለች፣ ትጽፋለች፣ ትሰርዛለች። «ተቀይሞ ነው» አልኳት አንድ ቀን፣ ትዕግሥቴ አልቆ። «አንድ ሰው ቦታ አለሽ ወይ ሲልሽ አልጋ የለም ይባላል? በቀጥታ አልፈልግህም ብትይው አይሻልም ነበር?»

«እፈልጋለሁ እኮ» አለች። እንዲህ ቁልጭ አድርጋ ስትናገር ሰምቻት አላውቅም። «መፈለግና ቦታ መኖር ይለያያል። የቦታ ነገር እኔን አታስተምሪኝ» ብላ ሜትሯን ጠቀለለች። ወሩ ሊያልቅ አምስት ቀን ቀርቶታል።

በዚያው ሳምንት እሑድ ጠዋት እቴቴ እንደልማዷ ታካሚዎቿን ለማየት ራውንድ ትዞራለች። ቁጥር ሁለት ጋ ስትደርስ ቀጥ ብላ ቆመች። ቅጠሉን ገለበጠችው፤ ነጭ ጥጥ። ቁጥር ሦስትን ገለበጠች፤ ነጭ ጥጥ። ቁጥር አራት፣ ቁጥር አምስት። የተያዙት አሥራ አንድ ሲደርሱ አጠገቧ ያለው ወንበር ላይ ተቀመጠች፣ ያ የሱ ወንበር ላይ። «ሞት ይርሳኝ» አለች። «በእኔ ቤት?» ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የሰውን ሁሉ ብክለት ስታሳድድ የኖረች ሴት የገዛ ሳሎኗን አላወቀችም ነበር። «ደብተሩን አምጪ። ከቁጥር ሁለት አጠገብ ማን ማን እንደነበረ ከመጀመሪያው እናጣራለን።»

ደብተሩን አመጣሁ። እየገለጥኩ እኔው ነበርኩ የማነበው። የተራ ጠባቂዎች ገጽ ላይ ስደርስ ዓይኔ ተተከለ። በእጇ እንዲህ ተብሎ ተጽፏል፦

«ተራ አንድ። መነጽር ሠሪው። አንድ ሰው፣ አርባ አራት ኦርኪድ። አንድ ሲገባ አንድ ይወጣል። ያለው የመስኮቱ ሥር አልጋ ነው። እሱ የልጄ ነው፤ አይነካም። ስለዚህ አልጋ የለም።»

አንድ ገጽ ሙሉ በሴንቲ ሜትር ተለክቶ፣ ተደምሮ፣ ተሰርዟል። መኝታ ክፍሉ ተለክቷል፣ ኮሪደሩ ተለክቷል፣ መታጠቢያ ቤቱ ሳይቀር ተለክቷል። የእኔ አልጋ ግን አንድም ቦታ አልተለካም። የወንድሜ ልጅ እንኳ አላለችም። ልጄ ነው ያለችው።

አንጀቴን በላችው። እኔ ስለምራገጥ መስሎኝ!

«አንብቢ እንጂ» አለች።

«እቴቴ፣ ማንበብ አያስፈልግም። ከየት እንደመጣ አውቃለሁ።» ነገርኳት። ፀጉሩን፣ ሠርጉን፣ ሁለቱን ቀን፣ ሁሉንም። ስድስት ሳምንት የዋጥኩት ነገር ሲወጣ እንዴት ይቀላል። «የሆቴሉን ታካሚ ያስቀመጥኩት ቁጥር ሁለትና ቁጥር አንድ መሀል ነው» ብዬ ስጨርስ ነው ሁለታችንም እኩል የገባን። ቁጥር አንድ የት ነው ያለችው?

እቴቴ ትጮህብኛለች ብዬ ጠበቅኩ፤ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። መነጽሯን አውልቃ በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችውና «በእኔ ክፍል የተፈጠረ ስሕተት የእኔ ስሕተት ነው» አለች። «ጫማሽን አድርጊ። ሄጄ በአፌ እነግረዋለሁ። ከዚያ በኋላ ይሂድም፣ ይቅርም፣ መብቱ ነው።» መንገዱን ሙሉ አላናገረችኝም፤ አንዴ ብቻ፣ መንገድ ስንሻገር፣ «ድንቄም ሲስተር» ስትል ሰማኋት። ለራሷ ነው።

ሱቁ ዝግ ነው፣ የኋላው በር ግን ገርበብ ብሏል። አንኳኳን። መነጽር ሠሪው ያችን ሌንስ የሚያይባትን ማጉያ አንድ ዓይኑ ላይ እንዳደረገ ብቅ አለ፤ በአንድ እጁ ጥጥ፣ በአንድ እጁ የአልኮል ጠርሙስ። ከኋላው ወለሉ ላይ፣ አልጋው ላይ፣ ጠረጴዛው ላይ አርባ አራት ኦርኪድ ተዘርግቷል። ጉንፋን የሚባል ነገር አልነበረውም።

«አይግቡ» አለን፣ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ብሎ። «እባክዎ ሲስተር፣ አይግቡ። እኔ ጋ ተባይ ገብቷል። በልብሴ ይዤ ወደ እርስዎ እንዳልሄድ ብዬ ነው የቀረሁት። ራሴን ለይቼ ነው።»

እቴቴ በሩ ላይ ቆማ የሆነውን ሁሉ ተናገረች። ተባዩ ከእሷ ቤት እንደወጣ፣ በቁጥር አንድ እንደመጣ፣ ለይቶ ማቆያው እንደተጣሰ። እኔን አላነሳችኝም። እኔ ራሴ «ጋሼ፣ እኔ ነኝ፣ ፀጉሬን ልታጠብ ብዬ ነው» አልኩ፤ ሰውዬው ፀጉሬን አየት አድርጎ ራሱን ነቀነቀ።

«ከቁጥር አንድ እንደመጣ አውቃለሁ» አለ። «መጀመሪያ ያየሁት እሷ ላይ ነው።»

«አውቀው ለምን አልነገሩኝም?»

«ቢያውቁ ያዝናሉ ብዬ።»

እቴቴ ይህን አልሰማችም፣ ወይም መስማት አልፈለገችም፤ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። «ሲቀበሏት በማጉያ አላዩዋትም? ቀኑን ሙሉ በማጉያ የሚያዩ ሰው ነዎት። ለይተው አላቆዩዋትም?»

«የማንንም አያለሁ። ከሌላ ሰው የመጣ ቢሆን አንድ ወር ደጅ ይቆይ ነበር» አለ። «ከእርስዎ እጅ የተቀበልኩት ነገር ላይ ግን ማጉያ አላነሳሁም። በቀጥታ መሀላቸው አስቀመጥኳት።»

ማጉያውን አሁንም ከዓይኑ ላይ አላነሳውም፤ አንድ ዓይኑ ትልቅ፣ አንድ ዓይኑ ትንሽ ሆኖ ነው ይህን ሁሉ የሚናገረው። መሳቅ ነበረብኝ፣ ግን ማልቀስ መጣብኝ። እቴቴ አርባ አራቱን በዓይኗ ዞረቻቸው። የክፍል ኃላፊዋ ስታስብ አውቃታለሁ፤ ከንፈሯን ትነክሳለች።

«ስንቱ ላይ ታየ?» አለች።

«አሥራ ዘጠኙ ላይ።»

«እኛ ጋ አሥራ አንዱ ላይ ነው። የቀሩትም ተጋልጠዋል። እርስዎም እዚህ ብቻዎን፣ እኛም እዚያ ብቻችንን ብንጠርግ እርስ በርስ ስንጎበኛኝ መልሶ ይይዛቸዋል።» ጣቷን አነሳች። «በእኛ ሥራ አንድ ደንብ አለ። የለይቶ ማቆያ ክፍል ሲጠፋ፣ አንድ ዓይነት በሽታ የያዛቸው በአንድ ክፍል ይተኛሉ። ሁሉም አንድ ክፍል ይግቡ። አርባ አራቱም ይምጡ።»

ሰውዬው ማጉያውን አወረደ። «እኔስ?» አለ በቀስታ።

እቴቴ አፏን ከፈተች፤ ከዚያ ወደ እኔ አየችና ዘጋችው። ደብተሩ ትዝ አለኝ። እሷ በሕይወቷ የማትጥሰው አንድ ሕግ እንዳላት፣ ያ ሕግ እኔ ላይ ሲደርስ ቆሞ እንደቀረ አሁን ቁልጭ ብሎ ታየኝ። ከእኔ በቀር ይህን ቋጠሮ የሚፈታ ሰው እዚያ አልነበረም።

«እቴቴ» አልኩ፣ «አስታማሚ ተራ ይጠብቃል እንዴ?»

ከንፈሯን ነከሰች።

«እናንተ ክፍል አስታማሚ ተራ ይጠብቃል ወይ ነው የምልሽ።»

«አይጠብቅም» አለች። «አስታማሚ ከታካሚው ጋር ይገባል። የሚያድርበት ግን...»

«አንድ ሲገባ አንድ ይወጣል። እኔ ድኛለሁ፤ አራት ዓመት አስተኛሽኝ፣ ይበቃል። መውጫዬን ፈርሚልኝ።» ወደ ሰውዬው ዞርኩ። «ጋሼ፣ እርስዎ ሲወጡ ይቺን የኋላ ክፍል ለእኔ ይልቀቁልኝ። ከሥራ ቦታዬ አምስት ደቂቃ ነው። የራሴ መታጠቢያ ቤት ይኖረኛል፤ ፀጉሬን በፈለግኩ ሰዓት እታጠባለሁ።»

እቴቴ «ማንም አላባረረሽም» አለች። «አውቃለሁ፣ አንብቤዋለሁ» አልኳት። ምን እንዳነበብኩ ወዲያው ገባት። እጄን ይዛ ጨመቀችው፣ እስኪያመኝ። ከዚያ እንባዋን በክንዷ ጠርጋ ወደ ሰውዬው ዞረችና፣ አንድ ዓመት ከመንፈቅ አንቱ ስትለው የኖረችውን ሰው «እህ፣ ምን ትቆማለህ?» አለችው። «ካርቶን ፈልግ እንጂ።»

ሰውዬው ጥጡን ወለሉ ላይ ጣለው። ከዚያ መልሶ አነሳው፣ ምክንያቱም የተበከለ ነበር።

በዚያው ሳምንት ለወንድሙ አልመጣም ብሎ ደወለ፤ ቅዳሜ ሁለቱ የጋብቻ ውል ተፈራረሙ፤ እሑድ ጫንን። የፎቶ ኮፒ ወረቀት ካርቶን ልክ ስድስት ኦርኪድ ይይዛል፤ ከሥራ ቦታዬ ስምንት ካርቶን አመጣሁ። ጎረቤቱ በሙሉ ደረጃ ላይ ወጥቶ «ሲስተር ምን ሆነች?» ይባባላል፤ «አገባች» ስል «ማንን፣ ጫካ ነው?» አለኝ የሁለተኛ ፎቁ ሰውዬ። ሰማንያ ሁለት ኦርኪድ፣ ሁለት ሊትር አልኮል፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ተቀምጦ ቅጠል ሲጠርግ ሁለት ወር ፈጀ። አንድም አልሞተባቸውም። መስኮቱ ሥር፣ የእኔ አልጋ የነበረበት ቦታ ላይ፣ መነጽር ሠሪው አምስት እርከን ያለው መደርደሪያ ሠራ፤ ቁጥር አንድ የላይኛው ላይ ናት። ካፖርቴም ከቁም ሣጥኑ ተፈታ፤ ትንሽ ጠቦኛል።

የወጣሁ ዕለት እቴቴ ደረጃው ላይ አንድ ካርድ ሰጠችኝ፣ ልክ ለታካሚዎቿ የምትጽፈው ዓይነት። ሥራ ቦታ ወስጄ ላሚኔት አድርጌዋለሁ፣ አሁን በሬ ላይ ተሰቅሏል። እንዲህ ይላል፦

«ስም፦ ልጄ። የወጣችበት ምክንያት፦ ድናለች። አልጋዋ፦ ባስፈለጋት ጊዜ ይለቀቅላታል። ቀጠሮ፦ በየእሑዱ፣ ዕድሜ ልክ።»

እስካሁን አንድም ቀጠሮ አላሳለፍኩም። የምቀመጠው አልጋ ላይ አይደለም፣ ወንበር ላይ ነው፤ ከመምጣቴ በፊት ሁለቱም እየተሻሙ ይወለውሉታል።